ሽማግሌ የያዘው መስኮት

አልሙኒየም መስኮት ያስገጠመ ሰው ላይ እምነት የለኝም። ይኸው፣ ተናገርኩት! መቆጣት ትችላላችሁ። ግማሾቻችሁ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ሰማያዊ መስታወት አጠገብ ተቀምጣችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ፊታችሁ ሐሞቱ እንደፈሰሰ ሰው የገረጣው ለዚህ ነው፤ በሽታ መስሏችሁ ሐኪም ቤት እንዳትሄዱ።

ነገሩ የመስኮት ብቻ አይደለም። ስንት ዓመት ፀሐይና ዝናብ የቻለውን የዝግባ እንጨት ነቅሎ ለማገዶ የሰጠ፣ በምትኩም የሰርዲን ቆርቆሮ የመሰለ ነገር ግድግዳው ላይ የሰካ ሰው፣ ነገ አባቱ ሲያረጅ ምን እንደሚያደርገው ማሰብ አልፈልግም። "ዘመናዊ ነው" ይላችኋል። ዘመናዊ! ከሐይቁ በኩል ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጥ መስኮት ዘመናዊ ከሆነ፣ እኔ ኋላ ቀር ሆኜ ልሙት።

እዚህ ታቦር ሰፈር ፊት ለፊቴ የሚኖረው ጥላሁን የዚህ ወንጀል ዋና ተጠሪ ነው። አምና የቤቱን መስኮቶች በሙሉ አስነቅሎ አልሙኒየም አስገጠመ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው በረንዳው ላይ ቆሞ መስኮቱን በአንድ ጣቱ እየገፋ ያሳየኛል።

"ተመልከት ጋሼ... በአንድ ጣት!"

"ሌባም አንድ ጣት አያጣም" ብዬው እገባለሁ።

የኔ መስኮቶች ግን ሌላ ናቸው። ቤቱን በጥንት ጊዜ ያሠራው የሚሲዮን ሠራተኛ የነበረ ፈረንጅ ነው። የሳሎኑን ሦስት መስኮቶች ያሠራቸው በሀገሩ ወግ ነው። እንደኛ መስኮት በማጠፊያ ወደ ውጭ የሚከፈቱ አይደሉም። የታችኛውን ፍሬም ይዛችሁ ሽቅብ ስትገፉት ተንሸራቶ ይወጣና ባቆማችሁበት ይቆማል። ምሥጢሩ ያለው ግድግዳው ላይ የተተከለው ማቀፊያ፣ ቴላዮው ሆድ ውስጥ ነው። በግራና በቀኝ፣ ከፍሬሙ ጋር በገመድ የታሰረ ዱላ የሚያህል ብረት ተንጠልጥሏል። መስኮቱ ሲወጣ ብረቱ ይወርዳል፣ መስኮቱ ሲወርድ ብረቱ ይወጣል። እንደ ጥሩ ባልና ሚስት በሉት፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ቤቱም ይቆማል።

ይህን ያስተማረኝ ማንም የለም። ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ፣ መናኸሪያ ባለው የመለዋወጫ ሱቄ ሞተር መፍታቱንም፣ በየሳምንቱ በዚህ ዓምድ እናንተን መምከሩንም፣ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ መምህሬን እጅግ አድርጌ አከብራለሁ።

እንግዲህ እነዚያ ድንቅ መስኮቶቼ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው። አይከፈቱም ነበር።

ሁለቱ መስኮቶች፣ ሁለት ጎልማሳ ተጋግዞ ሲገፋቸው ትንሽ ይነሡና ዱላ ይደገፍላቸዋል። ሦስተኛው፣ ከበሩ ሲገቡ በስተግራ ያለው፣ ዱላም ጸሎትም አይሰማም። በየካቲት ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሻዩ አይበርድበትም፤ እሱ ራሱ ነው የሚፈላው። እኔ ግን "እንጨት ይተነፍሳል" እያልኩ ዓመታት ኖርኩ። እንጨቱ ይተነፍስ ነበር። እኛ ነበርን የማንተነፍሰው።

ነገሩ የመጣው ከልጄ በኩል ነው። ምሕረት ነርስ ናት፣ ሥራ ይዛለች፣ ታሪኩ የሚባል የውሃ መሐንዲስ ሊያገባት ፈልጓል። እኔ ልጁን አይቼው አላውቅም። በኛ ቤት ወግ ሽማግሌ ሳይገባ ጎረምሳ አይገባም። ሽማግሌዎቹ ከዲላ እሑድ እንደሚመጡ መልእክት ደረሰ። ቀረን የምንለው አንድ ሳምንት ነው።

"በዚህ ሙቀት ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌ ብናጉር እንደ ዳቦ ነው የሚበስሉት" አለች ባለቤቴ ብርቄ። "የጥላሁንን ሰውዬ ልጥራው?"

"የቱን ሰውዬ?"

"የአልሙኒየሙን።"

"እኔ በሕይወት እያለሁ?"

"ከሞትክማ መች እጠይቅሃለሁ? ለቀስተኛ ሳይመጣ አስገጥማለሁ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ! "መስኮቶቹን እኔው በገዛ እጄ እንደ ጥንቱ አደርጋቸዋለሁ፤ እሑድ ሽማግሌዎቹ ንጹሕ አየር ይተነፍሳሉ" ብዬ ማልኩ። ብርቄ ምንም አላለችም። ሠላሳ ዓመት አብራችሁ ስትኖሩ የሴት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ትለያላችሁ። ይኼኛው "እናያለን" ነበር።

ማታውኑ ምሕረት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ መስኮቱን እንደፈለግክ አድርገው። ግን... ቀጠሮ ትሰጣቸዋለህ?"

ጥያቄዋ ገብቷችኋል? የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። "ልጄን ላማክር፣ ዘመድ ልጠይቅ" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሽማግሌም ይመላለሳል። ወግ ነው። እኔማ እዚሁ ዓምድ ላይ "በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን እንደ ትርፍ ዕቃ ገፍትሮ ያስወጣ ነው" ብዬ ጽፌያለሁ። ቆርጣችሁ ያስቀመጣችሁ አትጠፉም።

"ታሪኩ በወሩ መጨረሻ ጋምቤላ ተመድቧል" አለች። "አንዴ ከሄደ እስከ ከርሞ ፈቃድ አያገኝም። ትልቁ ሽማግሌም ወገባቸውን ያማቸዋል፤ 'አንድ ጊዜ እመጣለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም' ብለዋል። ቀጠሮ ከሰጠሃቸው በቃ... ለከርሞ ነው።"

"እሱን አያለሁ" አልኩ በአባት ድምፅ። የአባት ድምፅ ማለት መልስ የሌለው ሰው የሚጠቀምበት ድምፅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። ስፓቱላ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ብርጭቆ ወረቀት... ሁሉንም በረንዳው ላይ ደርድሬ ጥላሁን ዞር ብሎ እንዲያይ ጮክ ብዬ ሳልኩ። ከዚያ ቀለሙን መፋቅ ያዝኩ። ወገኖቼ፣ የዘመናችንን ስንፍና ማየት የሚፈልግ ሰው አሮጌ መስኮት ይፋቅ! ላዩ ነጭ ነው። ነጩን ስትፍቁት አረንጓዴ ይመጣል። አረንጓዴውን ስትፍቁት ሰማያዊ። የቀባው ሰው ደግሞ ለመፋቅ ያልፈለገ፣ ለመንቀል ያልደፈረ፣ ፍሬሙንና ቴላዮውን አንድ ላይ እንደ ገንፎ ለቅልቆ ያጣበቀ ደንቆሮ ነው።

"ይህን የቀባ ሰው እጁ ይሰበር!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ሰው ነው ይሄ? መስኮት እንዲንቀሳቀስ የተሠራ ነገር መሆኑን የማያውቅ! ከየት የመጣ አረመኔ ነው?"

ብርቄ ከኋላዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"ነጩ ለምሕረት ምርቃት ነው" አለች። "አረንጓዴው እናትህ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ። ሰማያዊው ቤቱን የገዛን ዓመት። ሦስቱንም የቀባኸው አንተ ነህ። እኔማ መሰላል ይዤልሃለሁ።"

መፋቄን ቀጠልኩ። ከሰማያዊው ሥር ቡኒ ቀለም ታየ።

"ቡኒው ግን የኔ አይደለም!"

"ቡኒውማ የፈረንጁ ነው። እሱ ብቻ ነው ያላጣበቀው።"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብለው የተረቱት እኔን አይተው ነው እንዳትሉ። ሰው ይሳሳታል። ቁም ነገሩ ሥራውን አለማቋረጥ ነው። አላቋረጥኩም። ሁለቱን መስኮቶች እስከ ረቡዕ ነቀልኳቸው። ሁለት መስታወት ተሰበረ፤ አንዱን መዶሻው ነው የሰበረው፣ ሁለተኛውን ደግሞ የመጀመሪያው ሲሰበር ደንግጬ ተቀምጬበት ነው። የግራው መስኮት ግን ንቅንቅ አላለም። ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ ሰደብኩት። ወይ ፍንክች!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ ቤት መስኮትም ይጨመርበት።

አሁን እንግዲህ ሳሎናችን መንገድ ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። እራት ስንበላ አላፊ አግዳሚው "ይጣፍጣችሁ" ይለናል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆም ብሎ "ጋሼ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው እንዴ?" አለኝ። የሐይቁ ትንኝ በሙሉ ዘመድ አዝማዱን ይዞ መጣ። አባ ኮዳ የምንለው አንድ ትልቅ የሐይቅ ወፍ ደግሞ ራሰ በራውን አቀርቅሮ አጥሩ ላይ ቆመ፤ ልክ ከማዘጋጃ ቤት እንደተላከ ተቆጣጣሪ ቀዳዳውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ጥላሁንም አላስቻለውም፤ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

"ጋሼ፣ አሁን ነው ያሸነፍከኝ። የኔ በአንድ ጣት ነው የሚከፈተው። ያንተ ያለ ጣት!"

መልስ አልሰጠሁትም። መልስ አጥቼ ሳይሆን አፌ ውስጥ ትንኝ ገብቶ ነው።

ሐሙስ ከሱቅ ስመለስ ሳሎኔ መሐል አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተነቀለውን ፍሬም እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ይዳብሳሉ። ጋሽ ላንቃሞ ናቸው። ታቦር የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በወጣትነታቸው ሚሲዮኑ ዘንድ አናፂነት የተማሩ የሲዳማ ሰው ናቸው። እነዚህን መስኮቶች በእጃቸው የሠሯቸውም እሳቸው ናቸው። ብርቄ ከጀርባዬ ነው ያስጠራቻቸው። "እናያለን" ያለችው ይህንን ነበር ለካ።

"ማን ነው የገደላቸው?" አሉኝ ሰላምታ ሳይሰጡኝ።

"እ... ቀለም በዝቶባቸው ነው ጋሽ ላንቃሞ።"

"ቀለሙንስ አየሁት። በዚህ ቀለም ባቡር ይጣበቃል። ከብረቶቹ አንዱ የታለ? ሦስት ብቻ ነው ያገኘሁት።"

እኔ ስለ ሌባ ንግግር ልጀምር ስል ብርቄ ከጓዳ ብረቱን ይዛ መጣች። ስንት ዓመት ሙሉ ቆጮ ላይ የሚጫን ክብደት ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ገመዱ የተበጠሰ ጊዜ "ለዚህ ይሆንሻል" ብዬ የሰጠኋት... ተዉት፣ ማን እንደሰጣት ምን ያደርግላችኋል?

ጋሽ ላንቃሞ የማይነቃነቀው መስኮት ዘንድ ሄዱ። መነጽራቸውን አደረጉ። በጥፍራቸው ቀለሙን ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ ጉጠት ተቀበሉኝና አንድ ረጅም ሚስማር ጎትተው አወጡ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። ሰባት ሚስማር!

"ይህ የኔ አይደለም" አሉ። "እኔ ፍሬም ላይ ሚስማር መትቼ አላውቅም።"

ደሜ ፈላ። "ፈረንጁ ነው! እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው፤ የሠለጠኑ መስለው..."

"ፈረንጁ ሚስማር አያባክንም ነበር። አንዱን ነው የሚመታው፣ ቀጥ አድርጎ።" ሚስማሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። "ይኼ ተጣሟል። እዚህ ጋ መዶሻው ስቶ እንጨቱን ሦስቴ ደብድቦታል። አናፂም አይደለም። ይህን የመታው ሰው ተናዶ ነበር።"

ብርቄ ኮርኒስ ኮርኒሱን ማየት ጀመረች። ብርጭቆ ልታነሳ የገባችው ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እናንተን ስመክር ኖሬ አሁን ብዋሽ አያምርም። አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ስገባ ያ መስኮት ወደ ላይ ተከፍቶ፣ በመስኮቱ በኩል አንድ የልጅ እጅ ደብተር ይዞ ገብቷል። እጅ ብቻ ነው ያየሁት። ልጄ ደብተሩን ልትቀበል እጇን ዘርግታለች። "ማነው!" ብዬ ስጮህ እጁ ደብተሩን ጥሎ በረረ። ደብተሩ የሒሳብ ነበር፤ ከፍቼ አንዲት የፍቅር ቃል ፈለግሁ፣ ቀመር ብቻ ነበር። ያም አላበረደኝም። መዶሻ አመጣሁና "ከዛሬ ጀምሮ መስኮት ማለት ብርሃን መግቢያ እንጂ እጅ መግቢያ አይደለም!" እያልኩ ቸነከርኩት። ኋላም ለምርቃቷ በላዩ ላይ ነጩን ቀለም ቀባሁበት። ከዚያ ረሳሁት። በየዓመቱ ሙቀቱን እያማረርኩ፣ የእንጨቱን እብጠት፣ የሐይቁን እርጥበት፣ የፈረንጁን አሠራር ስከስ ኖርኩ።

አባት የቸነከረውን ይረሳል። ውስጥ ተቀምጦ የሚፈላው ነው የማይረሳው።

ጋሽ ላንቃሞ ሰባቱን ሚስማር እጄ ላይ ቆጥረው አስቀመጡና ሁለቱን መስኮቶች መሥራት ጀመሩ። መስታወት ቆረጡ፣ በስቱኮ አሰሩት፣ በወፍራም የጥጥ ገመድ ብረቶቹን አንጠለጠሉ፣ መንሸራተቻውን ደረቅ ሳሙና አሹት። ዓርብ ከሰዓት ሁለቱ መስኮቶች በቦታቸው ገቡ። ወዳጆቼ፣ ገፋኋቸው... እንደ ቅቤ! በትንሿ ጣቴ ነው የገፋሁት። ጥላሁን በረንዳው ላይ ስለነበር አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ።

"ለሦስተኛው የጥጥ ገመዴ አልቋል" አሉ ጋሽ ላንቃሞ። "ሰኞ እሠራዋለሁ። እስከዚያ እንዳትነካው።"

እናንተ ብትሆኑ አትነኩትም ነበር። እኔ ግን የቸነከርኩት እኔ ስለሆንኩ የምፈታውም እኔ ነኝ አልኩ። ንስሐ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያው የድሮው ዕብሪት ልብሱን ቀይሮ ነው። ከመናኸሪያ ናይሎን ገመድ ገዛሁ፣ ያንን አውቶቡስ ላይ ፍራሽና ዶሮ የሚታሰርበትን። ብረቶቹን አሰርኩ። የሚስማሮቹን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈንኩ። ቅዳሜ ከሰዓት የዘይት ቀለም ደህና አድርጌ አጠጣሁት። ጋሽ ላንቃሞ በዚያ ሲያልፉ አዩኝ።

"ናይሎን ይለጠጣል" አሉ ከመንገድ ሆነው። "ቀለሙም በአንድ ቀን አይደርቅም። ስማኝ፣ ነገ ሰው አታስጠጋው።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት በኔ ቋንቋ አልሰማሁም ማለት ነው።

እሑድ ደረሰ። ሦስቱም መስኮቶች ሽቅብ ተከፍተው፣ ከሐይቁ በኩል ነፋሱ እየገባ፣ ሳሎናችን የባለሥልጣን ቢሮ መስሏል። በእኛ ወገን እኔ፣ የብርቄ ወንድምና ጋሽ ላንቃሞ ተቀመጥን። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። መሪያቸው አቶ በየነ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዘርፉ መሬት ሊነካ የደረሰ ንጹሕ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። ወገባቸውን እንደሚያማቸው አረማመዳቸው ይናገራል።

"ተቀመጡ እንጂ!" አልኩ።

"ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም" አሉ አቶ በየነ። ወግ ነው። ቆሙ። ሲቆሙም ወገባቸውን ለማሳረፍ ነፋሱ ወደሚገባበት ጠጋ ብለው መስኮት ተደገፉ። የትኛውን መስኮት? የቱን ይመስላችኋል! የጋቢያቸው ጫፍ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተጋደመ። ጋሽ ላንቃሞ አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ንግግራቸው ያማረ ነበር። "ልጃችንን ልጅ አድርጉት፣ ልጃችሁን ልጅ እናድርጋት" ብለው ጨረሱ። ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ የነበረው የዕቃ ኳኳታ ጸጥ አለ። ምሕረት እዚያ እንዳለች አውቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ግን ይህ ዓምድ ትዝ አለኝ። ጥላሁን ትዝ አለኝ። "በመጀመሪያው ቀን እሺ አለ" ሲባል ተሰማኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና የአባት ድምፄን አወጣሁ።

"መልካም። እንግዲህ እኔም ልጄን ላማክር፣ ዘመድም ልጠይቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ..."

ጓጓጓ... ድብልቅ!

የናይሎኑ ገመድ ቋጠሮውን ፈትቶ መስኮቱ እንደ መጥረቢያ ወረደ። ጣት አልነካም፣ ተመስገን። አቶ በየነ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድ እርምጃ ወደፊት ሊራመዱ ሞከሩ፤ ጋቢያቸው ወደኋላ ሳባቸው። ዘርፉ ከመስኮቱ ሥር ተነክሷል።

ዘልዬ ተነሣሁ። ገፋሁት። ወይ ንቅንቅ! የብርቄ ወንድም አገዘኝ። ወይ ንቅንቅ! ትናንት የቀባሁት ቀለም ፍሬሙን፣ ደፉንና የሰውዬውን ጋቢ አንድ ቤተሰብ አድርጓቸዋል።

"አትጎትቱ፣ አትጎትቱ" አሉ አቶ በየነ በእርጋታ። "ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ጋቢው የሚስቴ ፈትል ነው።" ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። "ጥፋቱስ የኔ ነው። ልጃችን ታሪኩ 'ሲገቡ በስተግራ ካለው መስኮት ይራቁ፣ ክፉ መስኮት ነው' ብሎኝ ነበር።"

ቀና አልኩ። "ልጃችሁ ቤቴን መቼ ገብቶ ያውቃል?"

"እሱስ አልገባም" አሉ። "እጁ ብቻ ነው የገባው። አሥረኛ ክፍል ሳለ እዚህ አጎቱ ዘንድ እየኖረ ነበር የሚማር። የሒሳብ ደብተር ሊያውስ መጥቶ... አንድ የተቆጣ ሰው ጮኸበት መሰለኝ። በማግስቱ ደብተሩን ሊጠይቅ ሲመለስ መስኮቱ ተቸንክሮ አገኘው።"

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሳቅ ታፍኖ አመለጠ። ብርቄ ናት ወይስ ምሕረት እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ወደ ጋሽ ላንቃሞ ዞርኩ። "ጋሽ ላንቃሞ፣ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉ!"

እኒያ ሽማግሌ ከወንበራቸው ሳይነሡ መስኮቱን በሩቁ መረመሩት።

"ቀለሙ ሳይደርቅ ከነካነው ይበላሻል" አሉ። "ሲደርቅ ነው የሚከፈት።"

"በስንት ጊዜ?"

"ሁለት ሳምንት።"

"እንግዲህ ተገናኘን!" አሉ አቶ በየነ። ጋቢያቸውን አመቻችተው እንደገና መስኮቱን ተደገፉ። "ጌታው ከሁለት ሳምንት በኋላ ብለውናል፣ መስኮቱም ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሏል። እዚሁ ቆመን እንጠብቃለን። መቼም ምሳ አይከለክሉንም።"

አንድ ጊዜ መስኮቱን አየሁት። ከነጩ ቀለም ሥር የደፈንኳቸው ሰባት ቀዳዳዎች በተርታ ይታያሉ፤ ስቱኮው ሰርጎ ሰባት ጠባሳ ሠርቷል። ልጅቷ ላይ አንዴ መስኮት ቸንክሬባታለሁ። አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ መዶሻዬን አንሥቼ ቆሜያለሁ፤ ያውም ለወግ ስል፣ ያውም ጥላሁን ምን ይለኛል ብዬ።

"ምሕረት!" ብዬ ጠራኋት። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እጇ እርጥብ ነው። "ልጄን ላማክር ብያለሁ፤ ይኸው እያማከርኩ ነው። ምን ትያለሽ?"

"ባለፈው ሳምንት ነግሬሃለሁ እኮ አባዬ።"

"ያኔ አልሰማሁም። አሁን ንገሪኝ።"

"እሺ ነው የምለው" አለች።

"እንግዲያው እኔም እሺ ብያለሁ።"

ብርቄ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እግዚአብሔር ይስጥልን ተባለ፣ ተመራረቅን፣ ጉዳዩ መልስ አግኝቷልና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሁለቱ ማለቴ ነው። አቶ በየነ አሁንም መቀመጥ አልቻሉም።

ያን ጊዜ ጋሽ ላንቃሞ ከነጭ ሸሚዛቸው ኪስ አንዲት ትንሽ ሴንጢ አወጡ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ይዘዋት ነው የመጡት!

"ቀለሙን ልቁረጠው ወይስ የጋቢውን ዘርፍ?"

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አፌ ላይ የመጣው "ቀለሙን እንዳይነኩት!" የሚል ነበር። አቶ በየነ ግን ቀደሙኝ። "ዘርፉን ቁረጠው" አሉ። "ከዚህ ቤት ሴት ልጅ ይዤ ስሄድ፣ አንድ ነገር ትቼ ብሄድ ነው ወጉ።"

ታሪኩ ጋምቤላ ከመሄዱ በፊት ቀለበት ታስሯል። በቤቴም ገብቷል፤ በበር በኩል፣ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ። በጣም ረጅም ልጅ ነው፣ እጁን አይቼ መገመት ነበረብኝ። ጨዋ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስቸገረኝ፤ ደብተሩ ይመለስልኝ ብሏል።

ጋሽ ላንቃሞ ሁለት ሳምንት ጠብቀው መስኮቱን በጥጥ ገመድ ሠሩት። አሁን ሦስቱም በአንድ ጣት ይከፈታሉ፤ ሳሎኑም ቀዝቅዟል። ደፉ ላይ ቀለም የነከሰውን የጋቢ ዘርፍ ግን እንዳይነኩት ለመንኳቸው። አንድ ስንዝር ነጭ ክር ነው፤ ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ወደ መንገዱ ይውለበለባል። ሰባቱን ሚስማር ሱቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። እናንተን ልመክር ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ ከሰሞኑ ምክሬ አጠር ያለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጥላሁን እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ቆሞ ክሩን አየው።

"ጋሼ፣ ያን ያህል ለፍተህ መስኮትህ ላይ ቡትቶ ጥለህ ቀረህ? የኔን ተመልከት እስቲ፣ አንድ እድፍ የለበትም። በአንድ ጣት ይከፈታል፣ በአንድ ጣት ይዘጋል!"

"እውነትህን ነው ጥላሁን" አልኩት። "ለመሆኑ ሦስት ሴት ልጆች አሉህ አይደል? መስኮትህ እስካሁን ስንት ሽማግሌ ያዘ?"